ለኤሱማ ቀመር ያልቀረበው ሲኒ

ሚስ ሲኒውን አስጠግታ አንዴ ፉት አለችና ቀጥ አለች። አልዋጠችውም፣ አልተፋችውምም። ጉንጯ ውስጥ ይዛ የክፍሉን ጣሪያ ታይ ጀመር። ልጃገረዶቹ ሁሉ አንገታቸውን አስግገው የሚስን ጉሮሮ ይጠብቃሉ። ዓናብም ከፈርኔሎው አጠገብ ማንኪያ እንደያዘች ቆማ ያንኑ ጉሮሮ ትጠብቃለች።

በመጨረሻ ሚስ እንደምንም ዋጠችው። ሲኒውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ በአንድ ጣቷ ራቅ አደረገችው።

«ወተት አለበት» አለች።

«አዎ ሚስ።»

«ጨውም አለበት።»

«አዎ።»

«መቼ ነው የጣድሽው?»

ጠዋት ደወል እንደተደወለ ነው አለች ዓናብ። እውነቷን ነው፤ ሌሎቹ ሂሳብ ሲማሩ እሷ አስፈቅዳ እሳት ስታራግብ ነው ያረፈደችው። እንዲያውም መትጋቷ እንዲታይላት ብላ ነው የነገረቻት።

«ዓናብ፣ ይሄ ቡና አይደለም። ሾርባ ነው።»

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ሁሉም ቢስቅ ዓናብ ግድ አልነበራትም፤ ለምዳዋለች። ግን ደሄቦም ሳቀች። ደሄቦ አፏን በሻሿ ጫፍ ሸፍና፣ ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ፣ ዓይኗን ወደ መስኮቱ አዙራ ሳቀች። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ወንበር ላይ የተቀመጡ ልጆች ናቸው። የጠላት ሳቅ ከጆሮ አያልፍም፤ የጓደኛ ሳቅ ግን ሆድ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል።

ሚስ ልጆቹን ዝም አሰኝታ ቀኑ እንደደረሰ ዓናብን አሳሰበቻት። የወላጆች በዓል ቅዳሜ ነው። እስከ ዓርብ ሰው የሚጠጣው ቡና ይዘሽ ከመጣሽ መጣሽ፣ አለዚያ ሌላ ልጅ ታፈላለች አለቻት። ሌላዋ ልጅ ማን እንደሆነች ለመናገር አልፈለገችም፤ ግን ዓይኗ ደሄቦ ላይ አረፈ። የደሄቦ እናት ከዚራ ሰፈር ውስጥ የባቡር ሹም ቤት ወጥ ቤት ናት። ደሄቦ በጣልያን ማፍያ ቡና ሲፈላ እያየች ነው ያደገችው።

ነገሩ የጀመረው እንዲህ ነው። ሚስ ከአዲስ አበባ ባልትና ልታስተምር የመጣች ወጣት ናት። አንድ ቀን ስለ ቡና ስታስተምር፣ ባሕር ማዶ ያሉ ሰዎች የሐረርጌን ቡና የተራራውን ስም እየጠሩ እንደሚገዙት ነገረቻቸው። እናንተ ግን የቡና ከተማ ውስጥ ተቀምጣችሁ ከሱቅ የተገኘውን ሁሉ የተደባለቀ ትጠጣላችሁ አለች። ዘንድሮ ለበዓሉ እንግዶች ከአንድ ተራራ፣ ከአንድ ሰው ማሳ የወረደ ቡና እናጠጣለን፣ ያፈላችውም ልጅ የተራራውን ስም ተናግራ ታቀርባለች አለች። እንዲህ ያለ ቡና ያለው አለ ወይ ብላ ስትጠይቅ ዓናብ እጇን አወጣች።

ዓናብ እጅ የምታወጣ ልጅ አልነበረችም። ቤቷ ውስጥ ከእናቷ ጋር በኦሮምኛ፣ ከአባቷ ጋር በሶማሊኛ ታወራለች። አማርኛ የምትናገረው ትምህርት ቤት ነው፤ እሱንም ስትናገር ከኋላ አንዱ እያሾፈ ይደግምባታል። የሚስቁባት ልጆች እቤታቸው ሲገቡ እንደሷው ነው የሚያወሩት። ምን ይደረግ፣ ቀድሞ የሳቀ አይሳቅበትም። ለመዝሙር አልተመረጠችም፤ ለንባብ አልተመረጠችም፤ ባንዲራ ለመስቀል እንኳ አንድ ቀን አልተጠራችም። ቡና ግን አላት። የእናቷ ወንድም ኤሱማ ቀመር ጋራ ሙለታ ላይ ከአባቱ የወረሰው አንድ እርከን ቡና አለው። ኤሱማ ማለት በእናቷ ቋንቋ የእናት ወንድም ማለት ነው። በየዓመቱ ቡናው ደርቆ ከተፈለፈለ በኋላ አንድ ጆንያ ፍሬ ከገለባው ጋር ለእህቱ ይልክላታል።

ዓናብ ያልተናገረችው አንድ ነገር ነበር። ያን ቡና እሷና ቤተሰቧ ጠጥተውት አያውቁም። ፍሬው ይሸጣል። ቤት ውስጥ የሚጠጣው ሐሸራ ነው፤ ሐሸራ የቡናው ገለባ ነው፤ ከጠዋት ጀምሮ ከሰል ላይ ተጥዶ ሲንተከተክ ይውልና ወተትና ጨው ይገባበታል። ሐሸራ ብዙ በፈላ ቁጥር ይጣፍጣል። ዓናብ ፍሬውም እንደዚያ መስሏት ነበር። ገለባው እንዲህ ከጣፈጠ ፍሬውማ ምን ሊሆን ነው ብላ ነበር ያሰበችው። ይህ ስሕተት ሌላ ሰው አይሳሳተውም፤ ፍሬውን ለሰው ሰጥቶ በገለባው የኖረ ቤት ልጅ ብቻ ነው የሚሳሳተው።

ያን ቀን ደቻቱን ብቻዋን ተሻገረች። ወንዙ እንደወትሮው ደረቅ አሸዋ ነው። ደሄቦ ከኋላ ስሟን ጠራች፤ ዓናብ ዞር አላለችም።

እናቷ ኻድራ ከመጋዘን ገና መግባቷ ነበር። አንድ ነጋዴ መጋዘን ውስጥ ቡና ለቃሚ ናት። ቀኑን ሙሉ መሬት ተቀምጣ ጥቁሩንና ስባሪውን ፍሬ ከደህናው ትለያለች። ዓናብ የሆነውን ነገረቻትና ፍሬ እንዴት እንደሚፈላ ጠየቀቻት። እናቷ ጫማዋን እያወለቀች፣ እኔ ፍሬ አይቼ እንጂ አፍልቼ አላውቅም፣ ስለፈላውማ የሚጠጡትን ጠይቂ አለቻት። ቀጥላም ከጆንያው እንዳትነኪ፣ ቅዳሜን አልፎ ይሸጣል ብላ ተኛች። ዓናብ ግን እንደገና ነካች።

ወተትም ጨውም ተወች። ብረት ምጣዱን ጥዳ ከሰሉን በደንብ አራገበችና ቡናውን ቆላች። ሲጨስባት እያመሰች፣ ስታምስ እየተንጣጣባት፣ አንዱ ፍሬ ከሰል ሲመስል ሌላው ገና ቢጫ ነበር። ወቅጣ አፈላችው። ስትቀምሰው አፏ ውስጥ አመድና ጥሬ ሣር አንድ ላይ የገቡ መሰላት። ደፋችው።

በማግሥቱ ምጣዱ ላይ ያየችው ነገር ከእንቅልፏ ቀሰቀሳት። የሚያርሩት ትንንሾቹ ናቸው። ትልልቆቹ ሳይበስሉ ትንንሾቹ ያርራሉ፤ ስባሪው ደግሞ ከሁሉም ይቀድማል። ስለዚህ መለየት አለበት። ከትምህርት ቤት እንደተመለሰች ሰፌድ ይዛ ደጃፍ ላይ ተቀመጠች። እናቷ ስትገባ ሰፌዱን አይታ በር ላይ ቆመች።

«አዮ፣ ትንሽ አግዢኝ» አለቻት ዓናብ። አዮ ማለት እናቴ ማለት ነው።

«ሰፌድ? እቤቴ?» አለች ኻድራ። «ሲነጋ ስለቅም፣ ሲመሽ ስለቅም፣ ዓይኔ የማነው? እኔ ለቅሜ ሰው ጠጣ፤ አሁን ደግሞ እቤቴ ለቅሜ ለሚስሽ ልሰጥ?»

እናቷ ወደ ውስጥ ገብታ ዕቃ ስታንኳኳ ቆየች። ዓናብ ፍሬውን አንድ በአንድ ለየች፤ ጥቁሩን፣ የተሰበረውን፣ ነፍሳት የበሳውን ወዲያ፣ ደህናውን በመጠን በመጠኑ ወዲህ። ጀርባዋ ደነዘዘ። እናቷ በየቀኑ ይህን ስታደርግ እንደምትውል ያኔ ገባት። ተነሥታ ልትነግራት አሰበች፤ ግን ምን ብላ እንደምትነግራት አላወቀችም።

በዝግተኛ እሳት ሳታቋርጥ እያመሰች ቆላችው። ዛሬ ሁሉም እኩል ቀላ፣ እኩል ጠቆረ። ሽታው ጥሩ ነበር፤ ጎረቤት ሳይቀር ማነው ቡና የሚቆላው ብሎ ጠየቀ። ወቅጣ በጀበና አፈላችና ቀዳች።

ምንም የለውም። አላረረም፣ አልኮመጠጠም፣ ግን ምንም የለውም። ኖራ የነካው ጨርቅ ጠምዝዘው ያጠጧት መሰላት። ሽታው እዚያው ምጣዱ ላይ ቀርቷል። ዓናብ ሲኒውን ግቢው ላይ ወረወረችው። ሲኒው ከድንጋይ ጋር ተላትሞ ለሁለት ተከፈለ። እናቷ ወጥታ ስባሪውን አነሣች፤ አልተቆጣችም፤ ያ ደግሞ ከቁጣው ባሰባት።

አባቷ ቢሌ የመጣው ረቡዕ ነው። የጭነት መኪና ረዳት ነው፤ ከተራራው ቡና ጭነው ድሬ መጋዘን ያራግፋሉ። በአቧራ ተሸፍኖ ገባና ደስ የሚል ወሬ ያመጣ መስሎት ፈገግ አለ። ኤሱማ ቀመር ቅዳሜ ይመጣል አለ። ልጅቷ የሱን ቡና ለመንግሥት ሰዎች ልታጠጣ ነው ብሎ ነግሮታል። ቀመርም እንዲህ ብሎ መልሷል፦ በቅቤ አብስዬ በልቼዋለሁ፣ ገለባውን ስጠጣ ኖሬያለሁ፤ ፍሬውን በሲኒ ጠጥቼ ግን አላውቅም፤ ልውረድና አንድ ቀን ከሰው እኩል ልጠጣው።

ዓናብ ይህን ስትሰማ ለቅሶ መጣባት። ሸክሙ እስካሁን የሷ ብቻ ነበር። አሁን ቡናውን ዕድሜውን ሙሉ የኮተኮተ ሰው፣ አንዴ እንኳ ያልቀመሰውን ሊቀምስ፣ ተራራ ወርዶ ሊመጣ ነው። ምን ልታጠጣው ነው? ኖራ?

አባቷ የሆነችውን ሁሉ ሰምቶ ያልተጠጣውን የቀረ ቡና ከጀበናው ቀድቶ ቀመሰ። ከዚያ ማንቆርቆሪያውን አንሥቶ ውስጡን አየና ሳቀ። ማንቆርቆሪያው ውስጥ ያለው ነጭ ቅርፊት እንደ ድንጋይ ጠንክሯል። የድሬ ሰው ሁሉ ማንቆርቆሪያ እንዲህ ነው፤ ከማየት ብዛት የሚያየው የለም።

«አቦ ይሄን ውሃ መኪናዬም አትጠጣውም» አለ። «ራዲያተሯ ውስጥ ይሄንኑ ድንጋይ ትሠራለች። እኛ ለሷ የምንጭ ውሃ ከላይ ይዘን ነው የምንወርደው። ሐሸራ ከሆነ ወተቱና ጨው ይሸፍነዋል። ፍሬው ግን በምኑ ይሸፍነዋል?»

ዓናብ ቀና ብላ አየችው። ቢሌ ወጥቶ ከመኪናው ለውሃ ብቻ የምታገለግለውን ጀሪካን አመጣ። ከራዲያተሩ የተረፈው ውሃ አነስተኛ ነበር፤ ጥቂት ጀበና ቢያፈላ ነው። ሹፌሩ ይቆጣል አለ፤ ይቆጣ ደግሞ አለ።

በዚያው ምሽት ቡናውን ለይታ ቆላች፤ ሳትወቅጠው ከሰል አለቀባት። ከሰል ደግሞ እስኪነጋ አይገኝም። በንዴት ቡናውን በጨርቅ ቋጥራ አስቀመጠችው። ሐሙስ ከትምህርት ቤት መጥታ ጨርቁን ስትፈታ ግን ሽታው ከትናንቱ በልጦ ጠበቃት። ወቀጠችው። የምንጩን ውሃ መጀመሪያ አፈላች፤ ቡናውን ጨመረች፤ ገንፍሎ አንገቱ ላይ ሲደርስ አወረደች፤ እንደ ሐሸራ መልሳ ልትጥደው እጇ ሄዶ ነበር፤ መለሰችው። እስኪረጋ ጠበቀች።

የመጀመሪያውን ጉንጭ ዋጥ አድርጋ ሁለተኛውን ምላሷ ላይ ያዘችው። መጀመሪያ የቴምር፣ ቀጥሎ ልክ ጀንፈል፣ ከነገለባው የደረቀው ቡና፣ ሲላጥ የሚሸተው ዓይነት ጣዕም መጣ፤ ሕፃን ሆና አንድ ክረምት ኤሱማ ቀመር ቤት ከርማ የምታውቀው። ለእናቷ ቀድታ ሰጠቻት። ኻድራ ከመጋዘን የገባችበት አቧራ ፊቷ ላይ እንዳለ ቆማ ጠጣች። ከዚያ ቁጭ አለች።

«የአባቴ ደጃፍ ሸተተኝ» አለች።

ሰፌዱን ስባ ለነገ የሚሆነውን ቡና መልቀም ጀመረች። ጣቶቿ ሲሄዱ ዓይን እንኳ አይከተላቸውም ነበር። ዓናብ ምጣዱን ጣደች።

ዓርብ ጠዋት የተቆላውን ቡና በጨርቅ ቋጥራ፣ የምንጩን ውሃ በጠርሙስ ይዛ ወደ ባልትና ክፍል ገባች። የጣልያኗ ማፍያ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጣ ታብረቀርቃለች። ደሄቦ ከጎኗ ቆማ የሱቅ ዱቄት ቡና በማንኪያ ትሰፍራለች። ሚስ እንግዶቹ የሚቀመጡበትን ወንበር ስታስደረድር አመሸች መሰል ዓይኗ ቀልቷል። ዓናብ ጨርቁን ዘረጋችላት።

ሚስ ጨርቁን አየት አደረገችው። አላሸተተችውም። በጣም ጥሩ፣ ጎበዝ አለችና፣ አሁን ግን ጊዜ የለንም፣ ደሄቦ እንድታፈላ ተወስኗል አለች። ዓናብ አንድ ጊዜ ብቻ ይቅመሱልኝ አለቻት፤ አማርኛዋ እንዳይሰናከል ቀስ ብላ። ሚስ ትከሻዋን መታ መታ አደረገቻት። አጎትሽ እንደሚመጣ ሰምቻለሁ፣ ስሙም የተራራውም ስም ይጠራል፣ አንቺም ነጭ ቀሚስ ለብሰሽ ትሪውን ይዘሽ ታቀርቢያለሽ አለች።

«የሚቀርበው ግን የሱ ቡና አይደለም» አለች ዓናብ።

«ማን ያውቃል?» አለች ሚስ። «ቡና ቡና ነው።»

ያችው ሚስ ናት። ስለ ተራራው ስም ሁለት ክፍለ ጊዜ ሙሉ ያስተማረችው ያችው። እንዲህ ነው፤ ሰው የሚያስተምርህን ሁሉ ያምንበታል ብለህ ካሰብክ የተሳሳትከው አንተ ነህ።

ደጅ ላይ ደሄቦ ክንዷን ያዘቻት። እኔ አይደለሁም የጠየቅሁት፣ እሷ ናት የመረጠችኝ አለች። «አቦ ምን አለበት፣ ዓናቤ? አንቺ ስሙን ታገኛለሽ፣ እኔ ማፍያውን አገኛለሁ። ማንም አልተጎዳ።» ዓናብ ክንዷን አላስለቀቀችም። እቤት ስትገባም ለእናቷ አልነገረችም። እናቷ ቅዳሜ ከመጋዘን ፈቃድ ጠይቃ ተከልክላለች፤ ቀሚሱን በከሰል ካውያ ስትተኩስላት ለምን በዚያ ላይ ሌላ ትጨምርባት።

ቅዳሜ አዳራሹ ሞላ። ከፊት የንጉሡ ሥዕል ሥር የመንግሥት እንግዶች፣ ቀጥሎ ነጋዴዎች፣ ቀጥሎ ወላጆች። ኤሱማ ቀመር የመጨረሻው አግዳሚ ጫፍ ላይ ነው የተቀመጠው። አዲስ ሽርጥ ታጥቋል፤ ኮፍያው ከመጥበቡ የተነሣ ግንባሩ ላይ መስመር አውጥቷል። ሁለቱን እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ሐኪም እንደሚጠብቅ ሰው ቀጥ ብሎ ተቀምጧል። ዓናብ በበሩ ቀዳዳ አየችውና ትሪው እጇ ላይ ከበዳት።

ሚስ ቆማ ተናገረች። አማርኛዋ እንደ ውሃ ይፈስ ነበር። ዛሬ የምትጠጡት ቡና ከሱቅ የተገዛ አይደለም፣ ከጋራ ሙለታ፣ ከአቶ ቀመር ማሳ የወረደ ነው አለች። ጭብጨባ ሆነ። ሰዎች ዞረው ቀመርን አዩት። ቀመር ግማሽ ተነሥቶ መልሶ ተቀመጠ።

ዓናብ በየወንበሩ አቀረበች። ከፊት ጀመረች፤ ወደ ኋላ ዘለቀች። አንድ የተከበረ ሹም፣ ከመነጽሩ በላይ እያየ፣ ከሁሉ ቀድሞ ጠጣና ራሱን ነቀነቀ። አጠገቡ ያሉትም ራሳቸውን ነቀነቁ። ትሪው ላይ ሲኒዎቹ እያለቁ ሄዱ። የመጨረሻው አግዳሚ ጋ ስትደርስ የቀረው አንድ ሲኒ ነው። ቀመር ከሩቅ ጀምሮ ዓይኑን ከዚያ ሲኒ ላይ አላነሣም። እጆቹን ከጉልበቱ አንሥቶ በሽርጡ ጠረጋቸው።

ዓናብ ቆመች። ብትሰጠው ይጠጣዋል። ጠጥቶም የኔ ነው ይላል፤ ሌላ ምን ሊል ይችላል? ዕድሜውን ሙሉ የጠበቀውን የመጀመሪያ ጉንጭ፣ የማንም ሱቅ ዱቄት ይወስድበታል። ተራራው ላይ ተመልሶም፣ ቡናችን ይሄን ይመስላል ብሎ ለልጆቹ ይነግራል።

ዞረች። አጎቷን ትታ ተመለሰች።

ከኋላ ጉርምርምታ ተሰማ። የተቀመጠውን ሰው፣ ያውም አጎትን፣ ዘሎ ማለፍ ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ እዚያ አልነበረም። ቀመር እጆቹን ወደ ጉልበቱ መለሰ። ሚስ ከወዲያ ሆና በዓይኗ ወደ ኋላ ታመለክታለች። ባለመነጽሩ ሹምም አየ።

«ለባለ ቡናው አልሰጣችሁትም እንዴ?» አለ። «ይሄን የመሰለ ቡና አብቅሎ እሱ ሊያይ ነው የመጣው?»

ሰው ሳቀ። አዳራሹ ሁሉ ወደ ዓናብ ዞረ። ደሄቦ በማፍያው ክፍል በር ላይ ቆማለች፤ እጇ አፏ ላይ ነው፤ አልሳቀችም። ዓናብ አንዷን ሲኒ ከነትሪው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች። አማርኛዋ እንዲስተካከል አልጠበቀችም።

«የሱ እቤት ነው ያለው» አለች። «እዚህ የለም።»

ሹሙ የሰማው እንደ ቀልድ ነው፤ ልጅቷ አጎቷን እቤት ወስዳ ለብቻዋ ልትጋብዝ ነው ብሎ ሳቀ፤ ሌላውም አብሮ ሳቀ። አንድ ሁለት ሰዎች ግን ሲኒያቸውን ዝቅ አድርገው አዩት። ሚስ አልሳቀችም። ፊቷ ጆሮዋ ድረስ ቀልቶ፣ መዝሙሩ ይቀጥል አለች።

መዝሙሩ ሳያልቅ ዓናብ አጎቷን ይዛ ወጣች። ድሬ ላይ እርስዎ የሚባል ነገር ለመንግሥት ሰው ነው፤ ቀመርን አንተ ነው የምትለው፤ ዛሬ ግን አንተም ለማለት አፏ አልተፈታም። የከዚራን የዛፍ ጥላ ጨርሰው ደቻቱ አሸዋ ላይ ወረዱ።

«የኔ አልነበረም?» አለ ቀመር።

«አልነበረም።»

ጥቂት ሄደ። ጫማው ውስጥ አሸዋ ገባ፤ ቆሞ አራገፈው።

«ሰውዬው ግን ወደደው» አለ።

ያም ቃል ከሳቁ ሁሉ በላይ አንገበገባት።

እቤት ማንም የለም። በርጩማውን ደጃፍ ላይ አውጥታ አስቀመጠችው። ፈርኔሎውን አቀጣጠለች። ሚስ ያላሸተተችውን ቡና ከጨርቁ ፈትታ ወቀጠች። የጠርሙሱን ውሃ ወደ ጀበናው ገለበጠች፤ ጀሪካኗም ተሟጣ ስለነበር ያለው እሱው ነው። ቢበላሽ ሌላ የለም። ሲገነፍል አወረደች። ቀመር ቶሎ እንዲቀዳለት ፈልጎ እጁን ሲዘረጋ፣ ይርጋ አለችው፤ እጁን ሰበሰበ።

ቀዳችለት። ፊቱን ላለማየት ከሰሉን መቆስቆስ ጀመረች። ፉት ሲል ሰማች። ከዚያ ምንም አልሰማችም። ዞር ብላ ስታይ ሲኒውን በሁለት እጁ ይዞ ወደ ተራራው በኩል ይመለከታል፤ ተራራው ከዚያ አይታይም፤ የሚታየው የጎረቤት ቆርቆሮ ነው።

«ለካ» አለ ቀመር፣ «ለዚህ ነው ነጋዴዎቹ ያን ሁሉ ዳገት የሚወጡልን።»

ሁለተኛውን ሲኒ ጠጣ። ከዚያ፣ ሰኞ አስተማሪሽን ምን ትያታለሽ ብሎ ጠየቃት። ዓናብ ትከሻዋን ነቀነቀች። ሚስ ሰኞ ለምን ረሳሽው ትላታለች፤ ሰው ፊት ይቅርታ ጠይቂ ትላት ይሆናል። ረስቼ ነው ብትል ሁሉም ነገር በዚያው ያልቃል።

«አልረሳሁትም እላታለሁ» አለች።

ጀበናው ውስጥ የቀረውን አንድ ሲኒ ቀድታ ለእናቷ ከደነችው። ከመጋዘን ስትመጣ ይቀዘቅዛል፤ ቢሆንም። ከዚያ ወደ ውስጥ ገባች። የሚሸጠው ጆንያ ጥግ ላይ ቆሟል፤ ሰኞ ነጋዴው ይመዝነዋል። ዓናብ አፉን ፈትታ፣ አንድ ትልቅ ጣሳ ሙሉ ፍሬ ዘግና፣ የሐሸራው ገለባ ከሚቀመጥበት መደርደሪያ ላይ ከገለባው ፊት አስቀመጠችው። እናቷ ትቆጣ ይሆናል። ጆንያውን መልሳ አሰረችው።